ሞትን በኮሮጆው የያዘው ሸማኔ

በአሮጌው ኦዮ ንጉሥ ለመሻር ጦር ማዝመት አያስፈልግም ነበር። ኦዮ ሜሲ የሚባሉት ሰባት ሹማምንት መክረው ከቆረጡ፣ አለቃቸው ባሾሩን ለንጉሡ ባዶ ቅል ወይም የበቀቀን እንቁላል ይልክለታል። ይዞ የሚሄደው መልእክተኛ ብዙ መናገር አይጠበቅበትም። ሕዝቡም፣ ምድሩም፣ አማልክቱም እንደተፉት ንጉሡ ራሱ ይረዳል፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀርለት ራሱን ማጥፋት ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ተረት አይደለም። ኦዮ ዛሬ ደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያ በምንለው አገር፣ በተለይ በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከዮሩባ መንግሥታት ሁሉ የገነነ ኃይል ነበር። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዋና ከተማው ኦዮ ኢሌ የተቆረቆረው ጥቅጥቁ ጫካ አልቆ ሣር ምድሩ በሚጀምርበት ስፍራ ነው። እዚያ ፈረስ የሚፈጀው የገንዲ በሽታ ይቀላል፤ በሽታውን የሚያስተላልፈው የፄፄ ዝንብ የሚወደው ጥላና እርጥበት ነውና። ስለዚህ ኦዮ ከሰሜን ፈረስ እየገዛ ፈረሰኛ ጦር አቆመ፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የዳሆሜን መንግሥት ሳይቀር አስገብሯል። ያንን ሁሉ ፈረሰኛ የሚያዘው፣ አላአፊን የሚባለው ንጉሥ፣ እልፍኙ ውስጥ ግን አንዲት ቅል ይፈራ ነበር።

በ2022 በኔትፍሊክስ የወጣው «አኒኩላፖ» የተሰኘው ፊልም ታሪኩን የሚተክለው በዚሁ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኦዮ ላይ ነው። ፊልሙም የሚዞረው በአንዲት ቅል ዙሪያ ነው፤ ይቺኛዋ ግን የምትይዘው ሕይወት ነው። የፊልሙ አዘጋጅና ፕሮዲዩሰር ኩንሌ አፎላያን፣ የፊልም ጽሑፉን የጻፈው ደግሞ ሾላ ዳዳ ነው። ሁለቱ ቅሎች መመሳሰላቸው ታስቦበት ይሁን ባጋጣሚ፣ ፊልሙን ከጀርባው ካለው ታሪክ ጋር አስተያይቶ ለሚመለከት ሰው ከዚህ የተሻለ ቁልፍ አይገኝም። በኦዮ ሰዎች አስተሳሰብ ሥልጣን ሰው ተሸክሞት የሚዞረው እንጂ የሰው ንብረት አይደለም። ንጉሡ ይህን ያውቃል። የፊልሙ ባለታሪክ ግን የሚያውቀው በጣም ዘግይቶ ነው።

ባለታሪኩ ሳሮ ይባላል፤ ኩንሌ ረሚ ነው የተጫወተው። እንጀራ ፍለጋ ኦዮ የገባ ወጣት ሸማኔ ነው። አዋሩን የምትባል በንግድ የበለጸገች፣ ዕድሜዋም የገፋ ሴት ሥራ ትሰጠዋለች፤ ብዙም ሳይቆይ አልጋዋንም። እሷ በከፈተችለት በር ቤተ መንግሥት ይደርሳል። እዚያም ከንጉሡ ሚስቶች ታናሿን አሮላኬን ያገኛል። ባልዋ ሽማግሌ ነው፤ ጣውንቶቿ አያስቀምጧትም። ፍቅራቸው ሲጋለጥ ሳሮ ጫካ ተወስዶ ተደብድቦ ይሞታል። አካላ የተባለች ምሥጢራዊ ወፍ ሬሳው ላይ መጥታ ነፍስ ስትዘራበት አሮላኬ ወፏን አባርራ የተአምሩን ቅል ትነጥቃለች። ሁለቱ ወደ ሌላ አገር ይሸሻሉ፤ ሳሮ እዚያ ሙት ማስነሣት ይጀምራል። ሕዝቡም «አኒኩላፖ» ይለዋል፤ ሞትን በኮሮጆው የያዘ ማለት ነው። የሙዚቃ ወዳጆች ስሙን ያውቁታል፤ ፌላ ኩቲ በ1970ዎቹ አጋማሽ «ራንሰም» የሚለውን የቤተሰብ ስሙን ጥሎ ራሱን አኒኩላፖ ያለው በዚሁ ስሜት ነው።

ቀሪው ታሪክ የውድቀት ታሪክ ነው። ሳሮ ሀብታም ይሆናል፤ ሚስት በሚስት ላይ ይጨምራል፤ ያተረፈችውን አሮላኬን ልጅ አልወለደችም ብሎ ይገፋታል። የንጉሥ ልጅ ሲሞትም ለማስነሣት ዋጋ ይጠይቃል፤ ልዕልቲቱን ለሚስትነት። በቀጠሮው ሰዓት ቅሉን ሲያነሣ ኃይሉ ከውስጡ ወጥቷል፤ ያወጣችው አሮላኬ ናት። የዚህን ጸሐፊ ፍርድ ለሚፈልግ፣ የፊልሙ እውነተኛ ጀግና እሷ ናት። ወፏን የገጠመችው፣ ሬሳ ታቅፋ ጫካ ያደረችው፣ ሰጥታም የነሣችው እሷ ናት። ቢምቦ አዴሞዬ ይህን ሁሉ የተጫወተችው ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ ባብዛኛው በዓይኗ ነው።

አዋሩንን የምትጫወተው ሶላ ሶቦዋሌ ደግሞ በ«ኪንግ ኦፍ ቦይስ» ፊልም የናይጄሪያን ተመልካች ያንቀጠቀጠች ተዋናይት ናት። ገጸ ባሕርይዋን «ባለጸጋ መበለት ወጣት ስትመኝ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ የዮሩባን ታሪክ የሚያውቅ ግን ሌላ ነገር ያይባታል። በዮሩባ ከተሞች ገበያው የሴቶች ነበር። ከነጋዴዎቹ መካከል የጎላችው «ኢያሎዴ» የሚል ማዕረግ ይዛ በምክር ትቀመጥ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኢባዳን ውስጥ ኢያሎዴ የነበረችው ኤፉንሴታን አኒውራ ሰፊ እርሻ፣ ብዙ ባሪያዎችና ለወታደሮች በብድር የምታቀርበው መሣሪያ ነበራት፤ ከከተማው ገዢ ጋር ተጣልታ በ1874 ተገደለች። አኪንዉሚ ኢሾላ በ1970 ለኅትመት ባበቃው ተውኔት የዮሩባ ተመልካች ልቡ ውስጥ ቀርታለች። አዋሩን የእሷ ዓይነት ሴቶች ጥላ ናት፤ ስትቀና የምታደርሰው ጥፋት ትልቅ የሆነውም እጇ ረጅም ስለሆነ ነው።

ወፏ ራሷ ትንሽ ጊዜ ይገባታል። አካላ በዮሩባ ቋንቋ ለአንድ እውነተኛ ወፍ የተሰጠ ስም ነው፤ ሜዳ ለሜዳ እየተራመደ እባብና እንሽላሊት የሚለቅም፣ ምንቃረ ግዙፍ፣ ሲጮህ ከሩቅ ከበሮ የሚመስል ጥቁር ወፍ። የኢትዮጵያ አንባቢ ያውቀዋል፤ እርኩም ነው። ሳይንሳዊ ስሙ እንኳ «ቡኮርቩስ አቢሲኒከስ» ነው፤ ከሴኔጋል አንሥቶ በሣር ምድሩ መቀነት እስከ ኢትዮጵያ ድረስ ይኖራል። በሰሜን ናይጄሪያ የሐውሳ አዳኞች የዚህን ወፍ ራስ ግንባራቸው ላይ አስረው፣ ጎንበስ ብለው እየተራመዱ አውሬ ያዘናጉ ነበር። ኦዮ ኢሌም የነበረችው በዚሁ የሣር ምድር ነው። ስለዚህ ፊልሙ ሞትና ሕይወትን ለወፍ ሲያሸክም ከሌላ አገር አፈ ታሪክ ጭራቅ አልተዋሰም፤ ገበሬው በማሳው ዳር በየቀኑ የሚያየውን ፍጡር ነው ያነሣው። ምርጫው ግሩም ነው፤ በኮምፒውተር የተሠራው ምስል ግን ለምርጫው አይመጥንም። ወፏ ስትቀርብ ላባዋ ክብደት የለውም፤ መሬት ስትረግጥም አቧራ የምታስነሣ አትመስልም።

ለዚህ ድክመት ማካካሻው በእጅ የተሠራው ነገር ሁሉ ነው። የሳሮን ሙያ እንውሰድ። ዮሩባዎች አሾ ኦኬ ወይም አሾ ኦፊ የሚሉት ጨርቅ በወንዶች ጠባብ መሣሪያ ላይ ይሸመናል። ድሩ ከሸማኔው ፊት ለፊት ብዙ ሜትር ርቆ ይዘረጋል፤ ጫፉ በድንጋይ ተጭኖ ሸማኔው ማጉን በወረወረ ቁጥር እየተጎተተ ይመጣል። የሚወጣው ቁራጭ ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሰፊ ልብስ የሚሆነው ቁራጮቹ ጎን ለጎን ሲሰፉ ነው። ሴቶች ደግሞ በቆመ መሣሪያ ላይ ሰፋ ያለ ጨርቅ ይሠሩ ነበር። የክብር ልብሶቹ ሦስት ናቸው፤ ከዱር ሐር የሚፈተለው ቡናማው ሳንያን፣ በእንዲጎ ቅጠል ደጋግሞ ተነክሮ ወደ ጥቁር የሚጠጋው ሰማያዊው ኤቱ፣ ቀዩ አላአሪ። ማን ምን እንደለበሰ ያየ ሰው ማን መሆኑን ሳይጠይቅ ያውቃል። ሸማኔ ቤተ መንግሥት መግባቱም ለፊልም ሲባል የተፈጠረ ምቾት አይደለም፤ ንጉሡ ንጉሥ መስሎ የሚታየው በሸማኔው እጅ ነው።

አፎላያን ይህን ዓለም የሚያቆምበት ቦታ ስላጣ ራሱ ሠራው። በዛሬው የኦዮ ግዛት ኢግቦጃዬ በተባለ ስፍራ 40 ኤከር መሬት ላይ፣ ማለትም 16 ሄክታር ገደማ፣ ጭቃ ቤቶችን፣ የቤተ መንግሥት ግቢን፣ ገበያን አቁሞ መንደር መሠረተ። አካባቢው የአሾ ኦፊ ሽመና ማዕከል ከሆነችው ከኢሴዪን ከተማ ብዙም አይርቅም። ቀረጻው ሲያልቅ መንደሩ አልፈረሰም፤ ዛሬ ጎብኚ የሚያስተናግድ የፊልም መንደር ነው። በፊልሙ ውስጥ ግድግዳዎቹ ዝናብ የመታቸው ይመስላሉ፤ ሴቶች ውኃ ሲቀዱ፣ ሸክላ ሲሠሩ ካሜራው አይቸኩልም። አንዳንድ ተመልካች «ረዘመ» ያለው ይህንኑ ነው። 2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ረጅም መሆኑ እውነት ነው፤ በተለይ መካከሉ ላይ። ነገር ግን ሙት የሚያስነሣ ሰው ሊታመን የሚችለው እንዲህ በተሠራ ሰፈር ውስጥ ነው። ሰፈሩ ካርቶን ቢሆን ተአምሩም ካርቶን ይሆን ነበር።

የአፎላያን ብርታት ከየት እንደመጣ ለመረዳት አባቱን ማወቅ ይጠቅማል። አዴዬሚ አፎላያን፣ በመድረክ ስሙ አዴ ላቭ፣ ከዮሩባ ተዘዋዋሪ ቲያትር ወደ ፊልም ከተሻገሩት ቀደምቶች አንዱ ነበር። የዚያ ቲያትር አባት ሁበርት ኦጉንዴ በ1940ዎቹ ቡድኑን አቋቁሞ ከተማ ለከተማ ይዞር ነበር፤ ዘፈኑ፣ ጭፈራው፣ ቀልዱና ጥንቆላው በአንድ መድረክ ይቀርባል። ዱሮ ላዲፖ ደግሞ በ1960ዎቹ «ኦባ ኮሶ» በተባለ ሙዚቃዊ ድራማ የመብረቅ አምላኩን ሻንጎን መድረክ ላይ አወጣ። እዚህ ላይ መታወስ ያለበት፣ በዮሩባ ትውፊት ሻንጎ ራሱ በአንድ ወቅት የኦዮ ንጉሥ፣ አላአፊን፣ የነበረ መሆኑ ነው። ንጉሥ አምላክ የሚሆንበት አገር ታሪክ ሲጽፍ ታሪክንና ተአምርን በሁለት መደርደሪያ አያስቀምጥም።

አዴ ላቭ በ1976 በወጣውና ኦላ ባሎጉን ባዘጋጀው «አጃኒ ኦጉን» ላይ ተወነ፤ ቀጥሎ የራሱን ፊልሞች ሠራ። በ1980ዎቹ የናይጄሪያ ገንዘብ ሲወድቅ በሴሉሎይድ ፊልም መሥራት አቅም የሚፈታተን ሆነ። ዘርፉ ወደ ቪዲዮ ካሴት ዞረ፤ በ1992 በኢግቦ ቋንቋ የወጣው «ሊቪንግ ኢን ቦንዴጅ» የዛሬውን የናይጄሪያ ፊልም ዘርፍ፣ የኖሊውድን፣ በር የከፈተው በዚህ መንገድ ነው። ካሴቱ ፊልሙን ቤት ለቤት አደረሰ፤ ምስሉንና ድምፁን ግን ጎዳው። ልጁ ኩንሌ የባንክ ሥራውን ትቶ፣ በኒው ዮርክ የፊልም አካዳሚ ሥልጠና ወስዶ ሲመለስ ያንን ጥራት መልሶ ለማምጣት ቆረጠ። በ2009 «ዘ ፊጉሪን» የተባለውን ፊልም ሠራ። አራሮሚሬ የተባለች አምላክ ምስል ያገኙ ሁለት ጓደኛሞች ሰባት ዓመት ይሠምርላቸዋል፤ ቀጥሎ ያሉት ሰባት ዓመታት ግን የመከራ ናቸው። ያቺ ምስል የሳሮ ቅል ታላቅ እህት ማለት ናት። አንድ አዘጋጅ በ13 ዓመት ልዩነት ወደ አንድ ጥያቄ፣ ሰው ከሰው በላይ የሆነ ኃይል ሲያገኝ ምን ይሆናል ወደሚለው፣ ሲመለስ፣ ጥያቄው የእውነት እንደሚያሳስበው ያስታውቃል።

ጥያቄው ከአፎላያንም ይቀድማል። ዲ. ኦ. ፋጉንዋ በ1938 ያሳተመው የዮሩባ ልብ ወለድ አዳኙን መንፈስ ወደሞላበት ጫካ ይልካል፤ ወሌ ሾዪንካ በ1968 ወደ እንግሊዝኛ መልሶታል። አሞስ ቱቱኦላ በ1952 ባሳተመው ልብ ወለድም ጠጪው የሞተ የዘንባባ ጠጅ ቀጂውን ፍለጋ ሙታን አገር ድረስ ይሄዳል። በእነዚህ መጻሕፍት ጫካ የከተማው ተቃራኒ ነው፤ ሕግ የሚለወጥበት፣ የሞተና ያልሞተ የሚገናኝበት። ሳሮ የሚገደለውና የሚነሣው ጫካ ውስጥ መሆኑ ከዚህ የመጣ ነው። ዮሩባዎች «አኩዳአያ» ስለሚሏቸው ሰዎችም ያወራሉ፤ በአንድ ከተማ ሞተው ተቀብረው፣ በሌላ ከተማ ማንም ሳያውቃቸው ትዳር ይዘው የሚኖሩ። መጋቢት 1 ቀን 2024 የወጣው ባለ ስድስት ክፍል ተከታታይ «አኒኩላፖ፦ ራይዝ ኦቭ ዘ ስፔክተር» የተመሠረተው በዚህ እምነት ላይ ነው። ሳሮን ሙታን አገር አይቀበሉትም፤ ያስነሣቸውን ሰዎች መልሶ እስኪያመጣ ድረስ።

ፊልሙ ሲወጣ ጭብጨባም ጠብም አስነሥቷል። በኔትፍሊክስ እንግሊዝኛ ያልሆኑ ፊልሞች ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ ገባ። በ2023 የአፍሪካ ማጂክ ተመልካቾች ምርጫ ሽልማት ላይ በ16 ዘርፍ ታጭቶ አጠቃላይ ምርጥ ፊልም ተባለ። ለኦስካር የናይጄሪያን ዕጩ የሚመርጠው ኮሚቴ ግን በ2022 ሦስት የዮሩባ ፊልሞች ቀርበውለት፣ እነሱም «አኒኩላፖ»፣ «ኪንግ ኦፍ ቲቭስ» እና «ኤሌሺን ኦባ» ነበሩ፣ በአብላጫ ድምፅ የሚመጥን የለም አለ። ቁጣ ተነሣ፤ ከኮሚቴው አባላት ሥራቸውን የለቀቁ ነበሩ። «ኤሌሺን ኦባ» የሾዪንካ ተውኔት ፊልም ነው፤ የሞተ ንጉሡን ተከትሎ መሞት ስለነበረበት የንጉሥ ፈረሰኛ ይናገራል፤ መነሻው በ1940ዎቹ አጋማሽ ኦዮ ከተማ የሆነ እውነተኛ ነገር ነው። አዘጋጁ ቢዪ ባንዴሌ ፊልሙ ለሕዝብ ሳይታይ በነሐሴ 2022 አረፈ። በአንድ ዓመት ሦስት እንዲህ ያሉ ፊልሞች መምጣታቸው ብቻውን ዜና ነበር፤ ኮሚቴው ዜናውን በሌላ ዜና ሸፈነው።

ያም ሆኖ ማዕበሉ አልቆመም። በ2023 «ጃጉን ጃጉን»፣ በ2024 «ሊሳቢ» እና የቦላንሌ ኦስተን ፒተርስ «ሃውስ ኦፍ ጋአ» ተከተሉ። የመጨረሻው ከ1754 እስከ 1774 ኦዮን እንደ ቀለበት በጣቱ ያዞረው የባሾሩን ጋሃ ታሪክ ነው። ባዶ ቅል የመላክ ሥልጣን በእጁ የነበረው ይህ ሰው ነገሥታትን በተከታታይ ለሞት ዳርጓል፤ በመጨረሻ አላአፊን አቢኦዱን በ1774 አስገደለው። እዚህ ላይ «አኒኩላፖ» ጉድለቱ ይታያል። ኦዮን የመሰለ፣ ንጉሥና ምክር ቤት አንገት ለአንገት የተያያዙበት መንግሥት መርጦ ሹማምንቱን ከበስተጀርባ የሚያጅቡ ብቻ አድርጓቸዋል። የንጉሡ ቁጣ የባል ቁጣ ነው፤ ሚስቱን የነጠቀ ሸማኔ ዙፋኑን እንዴት እንደሚያናጋ፣ ባሾሩን ይህን አጋጣሚ እንዴት እንደሚጠቀምበት አናይም። ፊልሙ ያንን አንድ ክር ቢስበው ኖሮ የሳሮ ቅልና የንጉሡ ቅል በአንድ ትዕይንት ይገናኙ ነበር።

ኦዮ ኢሌ ራሷ በ1830ዎቹ ፈርሳ ተጣለች፤ ዛሬ ፍርስራሿ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። ከውድቀቷ ጋር በተቀጣጠሉት ጦርነቶች የተማረኩ ብዙ ሺህ ዮሩባዎች ወደ ብራዚልና ኩባ ተሸጡ፤ ሻንጎ ዛሬም በባሂያና በሃቫና የሚዘመርለት ለዚህ ነው። እነዚህ ፊልሞች በኔትፍሊክስ ሲወጡ የሚጠብቃቸው ተመልካች በሌጎስ ብቻ ያልተወሰነውም ለዚሁ ነው።

ፊልሙን ለማየት ያሰበ ሰው ድምፁን በዮሩባ ይተወውና ትርጉሙን ከሥር ያንብብ። ዮሩባ ከፍ፣ መካከልና ዝቅ የሚሉ ሦስት የድምፅ እርከኖች ያሉት ቋንቋ ነው፤ በብብት ተይዞ ጠፍሩ እየተጨመቀ የሚመታው ዱንዱን ከበሮ እነዚያን እርከኖች እየተከተለ ሰው በስሙ ይጠራል፣ ያወድሳል፣ ያሽሟጥጣል። የኬንት ኤዱንጆቢ ሙዚቃም ታሪኩን የሚተርከው ከዚሁ ወግ ተነሥቶ ነው። ከዚያ «ዘ ፊጉሪን»ን ይፈልግ። ባለ ስድስት ክፍሉ ተከታታይ ሰው ያበዛል፣ ውሉም ይላላል፤ እሱን ለመጨረሻ ማቆየት ይሻላል።